መዋያና ማደሪያ

«መጀመሪያ የመቀመጫዬን» አለች ዝንጀሮ። ተረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። እሾህ ላይ ወድቃ መላ አካሏ ተወግቶ፣ «ከየት እንጀምርልሽ?» ሲሏት የመለሰችው ነው ይባላል። ስንተርት ግን ሐሳባችን ሰው ላይ ነው፤ ስለ ዝንጀሮዋ ማን ያስባል! የተረቱ ባለቤት ማንም ይሁን ማን፣ ዝንጀሮን ጊዜ ሰጥቶ ያየ ሰው መሆን አለበት። ዝንጀሮ እንደ ውሻ ተጠቅልሎ፣ እንደ ሰው ተዘርግቶ አይተኛም። ገደል ላይ፣ እግር ብቻ በሚያስቆም የድንጋይ መደብ ላይ፣ በዚያ በምንስቅበት ጠንካራ የመቀመጫ ቆዳ ቁጭ ብሎ ያነጋል። መቀመጫው ከቆሰለ ማደሪያ የለውም ማለት ነው። ማደሪያ ከሌለው ደግሞ፣ ቀጥዬ እንደማወራው፣ መዋያም የለውም።

ተረቱን እንዲህ እንዳየው ያደረገኝ የሐንስ ኩመር መጽሐፍ ነው። ኩመር ስዊዘርላንዳዊ ነው፤ በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ። መጽሐፉ በጀርመንኛ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲታተም ርዕሱ «ነጫጭ ዝንጀሮዎች በቀይ ባሕር ዳር» የሚል ነበር። በ1995 ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎም «ቅዱሱን ዝንጀሮ ፍለጋ» ተባለ። ሁለቱም ርዕሶች እኛን ዘልለውናል። የመጽሐፉ እምብርት ቀይ ባሕርም ግብጽም አይደለም፤ ከድሬ ዳዋ በስተ ምዕራብ፣ በጂቡቲው የባቡር መስመር ላይ የምትገኘው ኤረር ናት። ዛሬም ከዝንጀሮ ጋር የተያያዘ የጥናት መጽሐፍ የሚገልጥ የውጭ አገር ተማሪ «ኤረር ጎታ» የሚለውን ስም ያገኘዋል። ድሬ ዳዋ ውስጥ ግን ስለ ኤረር ሲወራ ስለ ብርቱካኑና ስለ ፍል ውኃው ነው፤ ስለዚህ መጽሐፍ በአማርኛ ሲወራ ሰምቼ አላውቅም።

«ቅዱስ» የተባለው በጥንት ግብጻውያን የተነሳ ነው። የጽሕፈትና የጥበብ አምላካቸውን ቶትን በዚህ ዝንጀሮ አምሳል ይቀርጹት ነበር፤ ዝንጀሮዎቹንም አድርቀው ይቀብሩ ነበር። አስገራሚው ነገር ግብጽ ውስጥ በተፈጥሮ የሚኖር ዝንጀሮ አለመኖሩ ነው። በ2020 የወጣ የኬሚካል ጥናት ከደረቁት ሬሳዎች አንዳንዶቹ ከአፍሪካ ቀንድ የተወሰዱ መሆናቸውን አሳይቷል። ስለዚህ ቅድስናው እዚያ፣ እንስሳው እዚህ ነው። እዚህማ የማሽላ ሌባ ነው፤ ሕፃን በወንጭፍ የሚያባርረው። ርዕሱን የመረጡት ሰዎች ይህን ልዩነት ቢያዩት ጥሩ ነበር። ለማንኛውም ርዕስ የአሳታሚ ጉዳይ ነው፤ ልለፈው።

ኩመር ወደዚህ ከመምጣቱ በፊት ዝንጀሮን የሚያውቀው ከፍርግርግ ጀርባ ነበር። የዶክትሬት ሥራውን በ1950ዎቹ የሠራው በዙሪክ የእንስሳት ማቆያ ነው። ከሱ በፊት ደግሞ የለንደኑ ታሪክ አለ። በ1925 የለንደን የእንስሳት ማቆያ ሰው ሠራሽ ኮረብታ ገንብቶ ወደ አንድ መቶ የሚጠጉ ሐማድርያስ ዝንጀሮዎች ለቀቀበት። ሁሉም ወንድ ይሆናሉ ተብሎ ታስቦ ጥቂት ሴቶች ተቀላቀሉ፤ በኋላም ሌሎች ሴቶች ተጨመሩ። ወንዶቹ ተላለቁ፤ ሴቶቹ በግብግቡ መሃል በብዛት አለቁ። ሶሊ ዙከርማን ይህን አይቶ በ1932 ባሳተመው መጽሐፍ የዝንጀሮን ማኅበር አስሮ የያዘው የወሲብ ፍላጎት ነው አለ። ለብዙ ዓመታትም ታመነ።

ኩመር ያደረገው ነገር ሲታሰብ ቀላል ነው። በ1960 መጨረሻ ከባልደረባው ከፍሬድ ኩርት ጋር መጥቶ ያንኑ እንስሳ በገዛ አገሩ ተከተለው፤ በእግሩ። ማቆያው ውስጥ ያልነበረው ነገር መሄድ ነው። የለንደኑ ኮረብታ ላይ ማንም የትም አይሄድም። ኤረር ላይ ግን የሚበላው የግራር አበባና ዘር፣ የሣር ፍሬ፣ ሥራ ሥር፣ እዚህም እዚያም ተበትኖ ነው ያለው። ማምለጫ የሚሆን ትልቅ ዛፍ የለም። ነብርና ጅብ አለ። ስለዚህ በሌሊት ብዙ ሆኖ ገደል ላይ መከማቸት ግድ ነው፤ በቀን ደግሞ ጥቂት ሆኖ መበተን ግድ ነው። ገደሉ ጥቂት፣ እህሉ ቀጭን። አንድ ገደል ላይ እስከ 750 ዝንጀሮ ሲያድር ተቆጥሯል፤ ይህን ሁሉ አፍ ግን የትኛውም የግራር ሜዳ በአንድ ላይ አያበላም።

መጽሐፉ ከዚህ ተነስቶ የዝንጀሮውን ማኅበር እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በልጣጭ ይከፍተዋል። መጀመሪያ ቤተሰብ፦ ነጭ ካባ የለበሰ አንድ ወንድ፣ ሴቶቹና ግልገሎቻቸው። ጥቂት ቤተሰቦች ጎሳ ይሆናሉ፤ ይህችን ደረጃ ያገኟት በ1970ዎቹ ተማሪዎቹ፣ በተለይ አቤግለን ነው። ጎሳዎች ተሰብስበው አብሮ የሚጓዝ ጭፍራ ይሆናሉ። ጭፍሮች ደግሞ ገደሉ ላይ ተገናኝተው መንጋ ሆነው ያድራሉ። እነዚህን የአማርኛ ቃላት እኔ ነኝ የመረጥኳቸው፤ ሌላ የተሻለ ያለው ያርመኝ። ዋናው ነገር ግን እያንዳንዱ ልጣጭ የአንድ ሥፍራና የአንድ ሰዓት መሆኑ ነው። መንጋው የማታ ነው። ጭፍራው የጧት ጉዞ ነው። ቤተሰቡ ግራሩ ሥር ነው። ማኅበሩን መሬቱ ነው የቆራረጠው።

መጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ የምወደው የጧቱ ክፍል ነው። ፀሐይ ገደሉን ስትነካ ዝንጀሮዎቹ ወጥተው ከላይ ሜዳው ላይ ይሰፍራሉ። ይሞቃሉ፣ ቅማል ይለቃቀማሉ፣ ግልገሎች ይሯሯጣሉ። ወዴት እንደሚሄዱ ገና አልታወቀም። ትንሽ ቆይቶ አንድ ወጣት ወንድ ሴቶቹን አስከትሎ ወደ አንድ ወገን ጥቂት እርምጃ ሄዶ ይቀመጣል። ሌሎች ይከተሉታል፤ ከመንጋው ጠርዝ አንድ እግር ብቅ ይላል። በሌላ ወገን ሌላ እግር ይወጣል። የመጀመሪያው ተከታይ አጥቶ ተመልሶ ይሰበሰባል። ኩመር ይህን ከአሜባ ጋር ያመሳስለዋል። (እኛ አሜባን በሆድ ቁርጠት ስለምናውቀው ምሳሌው ትንሽ ይጎረብጣል፤ ግን ልክ ነው።) ይህ ሁሉ ሲሆን መሃል ላይ የተቀመጡ ሽማግሌዎች አሉ። ካባቸው የተበላሸ፣ ሴቶቻቸው ያነሱ፣ ለጠብ የማይነሱ። አንደኛው ተነስቶ፣ ወደ ኋላው ሳያይ፣ ከወጡት እግሮች ወደ አንዱ ከሄደ መንጋው በሙሉ ይነሳል። ውሳኔው ተሰጠ።

ኩመር ሁለት ወንዶችን እንደ ምሳሌ አድርጎ ይከተላል፤ ሰርኩምና ፓተር ይላቸዋል። ወጣቱ ሰርኩም ከፊት እየሄደ ሐሳብ ያቀርባል፤ ሽማግሌው ፓተር ከኋላ ሆኖ ወይ ይከተላል ወይ አይከተልም። ማን ነው መሪው? ኩመር ቶሎ አይፈርድም። ገጽ በገጽ ጥርጣሬውን ይዞ ይሄዳል፤ አንድ ቀን ያመነውን በሌላ ቀን ይፈትነዋል። መጨረሻ ላይ የሚደርስበት፣ ማሳሰብ የወጣቱ፣ መቁረጥ የሽማግሌው የሚል ነው። ከዚህ በፊት የዕድር ወይም የሸንጎ ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ኢትዮጵያዊ ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ዝም ያለው ሽማግሌ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሁሉም ዞር ይላል አይደል?

በ1970ዎቹ የኩመር ተማሪዎች ሲግና ስቶልባ አንድን የኤረር መንጋ በተከታታይ ተከትለው መሬቱን ለኩት። መንጋው የሚንቀሳቀስበት ቦታ ወደ 28 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር፤ በእያንዳንዱ ጎን ከአምስት ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ካሬ አስቡ። በቀን በአማካይ 8.6 ኪሎ ሜትር ይጓዙ ነበር። ኩመር ራሱ በመጀመሪያ ጥናቱ የለካው አማካይ 13.2 ኪሎ ሜትር ነው። ጊዜው ሌላ፣ የተለካው መንጋ ሌላ። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ቁጥሩ አይደለም። ስቶልባ እንዳየው፣ ጧት ከገደሉ ሲነሱ የሚይዙት አቅጣጫ እኩለ ቀን ላይ ውኃ ወደሚጠጡበት ቦታ የሚያመለክት ነው። መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ጎሳዎቹ በየግራሩ ይበታተናሉ፣ ግን ስድስት ሰዓት ላይ ውኃው ጋ ይገናኛሉ። ማለትም ያ የአሜባ ጭፈራ ዝም ብሎ መንፈራገጥ አልነበረም። ክርክሩ «ዛሬ የት ነው የምንጠጣው?» የሚል ነበር።

ውኃውም ቢሆን ሁልጊዜ ላይ አይገኝም። በበጋ የወንዙ አልጋ ደረቅ አሸዋ ሲሆን ዝንጀሮዎቹ በእጃቸው ይቆፍራሉ፤ የተጣራ ውኃ እስኪወጣ ይጠብቃሉ። ደቻቱን የሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። ወንዝ ማለት ለኛ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው፤ ውኃው ከሥር ነው፣ ወይም ድንገት በሌሊት ይመጣል።

አሁን ወደ ቃሉ ልምጣ፤ የዚህ ጽሑፍ ክርክሬ እሱ ላይ ነው። እንስሳ የሚውልበትን የሚያድርበትን መሬት በሙሉ በአማርኛ ምን እንበለው? «የመኖሪያ ክልል» ብሎ መተርጎም በጣም ቀላል ነው፤ የሚመጣልንም እሱ ነው። «ክልል» ግን «ከለለ» ከሚለው ነው የወጣው፤ አጥር አለበት። ከ1980ዎቹ በኋላ ደግሞ ቃሉን ሌላ ሥራ ሰጥተነዋል። ዛሬ «ክልል» ሲባል ባንዲራ፣ ምክር ቤት፣ ልዩ ኃይል፣ ኬላ ነው ጆሮ ላይ የሚመጣው። «ግዛት» ከዚህ ይብሳል፤ ገዥ አለበት። የሐማድርያስ መሬት ግን አጥርም ገዥም የለውም። የአንዱ ጭፍራ መዋያ ከሌላው ጋር ይደራረባል። ድንበር አይጠብቁም፤ ቢፈልጉም 28 ካሬ ኪሎ ሜትር የተበተነ ግራር እንዴት ይጠበቃል? የማይጠበቅ ነገር ላይ አጥር አይሠራም። ገደሉንም ቢሆን ሌላ ስለሌለ ይጋሩታል።

በአማርኛ ከብት የሚጠብቅ ሰው ቃሉ ከጥንት አለው፦ መዋያና ማደሪያ። የት ዋልክ፣ የት አደርክ እንባባላለን እንጂ የትኛው ክልል ውስጥ ነበርክ አንባባልም። ሁለቱ ቃላት አንድ ላይ ሲሆኑ መሬትንም ሰዓትንም ይይዛሉ። ኩመር በጀርመንኛ ብዙ ገጽ የደከመበትን ግንኙነት፣ ማለትም የቀኑ መሬት ከሌሊቱ መሬት ጋር የታሰረ መሆኑን፣ የኛ ቋንቋ በሁለት ግሥ ይዞታል። የሥነ ሕይወት መጽሐፍ የሚተረጉም ሰው ካለ እባካችሁ «ክልል»ን ይተውልን።

ይህን ስጽፍ ድሬ ዳዋ ተቀምጬ መሆኔ ሳይጫነኝ አልቀረም። ከተማችን በሁለት ክልሎች መካከል ስትጎተት ኖራ በ1996 ዓ.ም. በወጣ ቻርተር በፌዴራል መንግሥት ሥር የምትተዳደር ሆናለች። ኤረር ደግሞ ሶማሌ ክልል ናት። ሰው ከወዲያ ውሎ ከወዲህ ያድራል። ግን ዝንጀሮውን ምሳሌ አድርጌ «እንደነሱ እንኑር» ልል አይደለም፤ አቦ፣ ተዉኝ! እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ሰልችቶኛል። ሐማድርያስ ወንድ ከጎኑ የራቀችን ሴት ማጅራቷን ነክሶ ነው የሚመልሳት። ከዚህ የሚወሰድ የኑሮ ትምህርት ካለ ሌላ ሰው ይውሰድ።

ማጅራቱ ላይ ከደረስን አይቀር፣ መጽሐፉ የደከመብኝ እዚህ ላይ ነው። ኩመር ስለ ሴቶቹ ሲጽፍ የሚጠቀምባቸው ቃላት የባለቤትነት ናቸው፦ ሐረም፣ ባለቤት፣ ይዞታ፣ ይዞታን ማክበር። ከሙከራዎቹ ዝነኛው እንዲህ ነው። አንድ ወንድ ከማያውቃት ሴት ጋር ይደረጋል፤ ሌላ ወንድ ከአጠገብ ካለ ፍርግርግ ሆኖ ለ15 ደቂቃ ያያቸዋል። ከዚያ ሲቀላቀል አይጣላም፤ ዞር ብሎ ጠጠር ይነካካል፣ ሰማይ ያያል። ድንቅ ሙከራ ነው፤ የዙከርማንን ታሪክ ከሥሩ የነቀለውም ይኸው ነው። ወንዶቹ ሁልጊዜ እንደ ለንደኑ አይተላለቁም። ነገር ግን ቆይቶ ኩመር ከባክማን ጋር በ1980 ያሳተመው ሌላ ሥራ አለ። ተቀናቃኙ ወንድ የሴቲቱን ስሜትም እንደሚያይ፣ አብሯት ያለውን ወንድ በጣም የምትወድ ከሆነ ብዙም እንደማይደፍር ያሳያል። ታዲያ «ይዞታ» የሚለው ቃል ይህን የት ያስቀምጠዋል? ይዞታ አይወድም፣ አይጠላም። ማስረጃው በእጁ ነበር፤ ቃሉ አሸነፈው።

ሌላም ሙከራ አለ። ከአዋሽ ወዲያ የሚኖረው ሌላው ዓይነት ዝንጀሮ፣ አኑቢስ፣ ሴቶቹ ማንንም ወንድ አይከተሉም። ኩመርና ባልደረቦቹ አኑቢስ ሴቶችን ወስደው ሐማድርያስ መሃል ለቀቁ፤ ሴቶቹ በአጭር ጊዜ ውስጥ መከተልን ተማሩ። ሐማድርያሶቹን ወደ አኑቢስ ሲወስዷቸው ደግሞ መከተሉን ተዉት። መጽሐፉ ይህን የሚተርከው ወንዱ ምን ያህል ማስተማር እንደሚችል ለማሳየት ነው። እኔ ሳነበው የታየኝ ሴቲቱ ምን ያህል ቶሎ ሁኔታዋን እንደምታነብ ነው። ያው አንድ ሙከራ።

ይህን ሚዛን ያስተካከለችው ላሪሳ ስዌደል ናት። ከ1996 ጀምሮ በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሰሜን፣ ፊልውሃ በሚባለው የፍል ውኃና የዘንባባ ሥፍራ ሴቶቹን ተከተለች፤ በ2006 ያወጣችው መጽሐፍ የነሱ ነው። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ቅርርብ እንዳላቸው፣ ከቤተሰባቸው ውጭ ካሉ ሴቶችም ጋር እንደሚገናኙ አሳየች። እንደ ንባብ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ የስዌደል መጽሐፍ የሠንጠረዥ መጽሐፍ ነው። የኩመር ዓረፍተ ነገር ይራመዳል፣ ያልበዋል፣ ይጠማል። ልክ የሆነችው እሷ፣ የሚነበበው እሱ። በሳይንስ ጽሑፍ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ አንባቢ ሁለቱንም ጎን ለጎን ካላስቀመጠ ይሸወዳል።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ስለ ሰው ነው። ኩመር ለአገሩ ሰው ክፉ አይደለም፤ ከአፋሮች ጋር የተጓዘበትን በአክብሮት ይጽፋል። ነገር ግን ዝንጀሮው የጧት ውሳኔውን ሲሰጥ ያን ያህል የሚጨነቅ ሰው፣ በዚያው ሸለቆ ፍየልና ግመል ይዞ የሚያልፈው ኢሳ ወይም ኦሮሞ ጧት ወዴት እንደሚሄድ እንዴት እንደሚወስን አይጠይቅም። ሁለቱ ውኃ የሚጠጡት ከአንድ አሸዋ ነው። የዝንጀሮው መዋያ የፍየሉም መዋያ ነው። ከሳይንስ አንጻር ብቻ እንኳን ብናየው ጉድለት ነው፤ እንስሳው የሚሸሸውና የሚጋፋው ሰውንም ጭምር ነውና።

ሰው ወደ ታሪኩ የገባው በሌላ በር ነው። የዙሪኮቹ ተከታታይ ጥናት ከ1971 እስከ 1977 ነው የሚዘልቀው። 1977 ምን ዓመት እንደነበረ ድሬ ዳዋ ውስጥ ለማንም አይነገርም። የሶማሊያ ጦር በክረምቱ ከተማዋ አፋፍ ደርሶ ነበር፤ ባቡሩ ቆመ። የአንድ መንጋ ልደትና ሞት፣ ማን ከማን ጎሳ እንደሆነ፣ በየቀኑ ሲመዘገብ የኖረው በዚያ ያበቃል። ለዚህ ነው ከኤረር የምናነበው ሁሉ ከአርባ ዓመት በላይ የሆነው፣ አዲሱ ሁሉ ደግሞ ከፊልውሃ የሚመጣው።

በነዚህ ዓመታት መሬቱ አልቆመም። ፕሮሶፒስ፣ በብዙ ሰው አፍ ወያኔ ዛፍ የሚባለው፣ ቆላውን ወርሮታል። ግራሩን ይገፋል፤ ፍሬው ግን ለፍየልም ለዝንጀሮም ይጥማል፣ በሚበሉት እንስሳትም ይዛመታል። ወደ ሐረር በሚያወጣው የደንገጎ ዳገት ደግሞ ዝንጀሮዎቹ አስፋልቱ ዳር ይቀመጣሉ፤ ከመኪና ሙዝ ይወረወርላቸዋል፣ ልጆች ስልክ አውጥተው ይቀርጻሉ። ኩመር በኋለኛው ዕድሜው ያያቸው የሳዑዲ ዝንጀሮዎችም ከመንገድና ከቆሻሻ መጣያ መብላት የለመዱ ነበሩ። ነገሩ ከራሱ ከመጽሐፉ ይከተላል። የተበተነ እህል ነው ማኅበሩን የበተነውና ያገናኘው። እህሉ አንድ መታጠፊያ ላይ ከተከመረ ለመበተን ምክንያት የለም፤ ጎሳው ከቤተሰቡ የሚለይበት ሰዓት አይኖርም። ጧት ገደሉ ላይ የሚወጡት እግሮችም ብዙ አቅጣጫ አያስፈልጋቸውም።

መጽሐፉን ለማንበብ የሚያስብ ካለ፣ ስለ ግብጽ የሚያወራውን መግቢያ ዘልሎ ከኤረር ይጀምር። የሙከራዎቹን ክፍል ሲያነብ «ባለቤት» የሚለውን ቃል ባየ ቁጥር በእርሳስ ምልክት ያድርግበት፤ እኔ ካርባ በኋላ መቁጠር ትቻለሁ።